ጥር 23 በእንጅባራ፦ ለብሶና አጊጦ ወደ ፈረሰኞቹ ሜዳ

የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይከበራል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ የዘንድሮው ስንተኛ ይሆን ያለ ሰው ከዓመቱ ላይ 1932ን ቢቀንስ ያገኘዋል። የ2016ቱ 84ኛ ነበር። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ድሉ የተገኘበት የዐድዋ ቀንም የካቲት 23፣ 1888 ዓ.ም.፣ ያው የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። የበዓሉ መታሰቢያነት ዐድዋ ለዘመቱትና ጣሊያንን በአርበኝነት ለታገሉት ፈረሰኞች፣ ለፈረሶቻቸውም ጭምር ነው። «ለፈረሶቻቸውም» የምትለዋን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሌላ በዓል አጊጦ የሚወጣው ሰው ነው፤ እዚህ ግን መጀመሪያ የሚለብሰው ፈረሱ ነው። ይህን ያልያዘ የጓደኛ ቡድን ምንም ቢያምርበት ከበዓሉ ጋር አይገጥምም።

በውጭ አቆጣጠር ዕረፍት ለሚጠይቁ፦ ጥር 23 ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 31 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ፌብሩዋሪ 1 ላይ ይውላል፤ ከሱ በፊት ያለው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን። ቲኬቱን በተለመደው ቀን ቆርጦ አንድ ቀን ቀድሞ የሚመለስ ሰው በየአራት ዓመቱ አይጠፋም።

ጥር 19፣ አዲስ አበባ፦ ሻንጣ

ስድስት ሆኖ መሄድ ይመቻል። ባለሁለት አልጋ ሦስት ክፍል ይበቃል፣ ሁለት ባጃጅም ሁሉንም ይይዛል። እንጅባራ ላይ አልጋ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት መያዝ አለበት። ከሞላ በባሕር ዳር በኩል ዳንግላ፣ በአዲስ አበባ በኩል ቡሬ ማደር ይቻላል፤ ሁለቱም በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ናቸው። ችግሩ የበዓሉ ዕለት ጠዋት መጓጓዣ መጥፋቱ ነውና ውጭ የሚያድር ቡድን መኪናውን በዋዜማው ተነጋግሮ ይያዝ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሳት በፊት እዚያው ያለ ሰው ዘንድ ደውሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ልብሱ ከኅዳር መጨረሻ በፊት መታዘዝ አለበት። በታኅሣሥና በጥር መጀመሪያ ሸማኔው በገናና በጥምቀት ሥራ ተወጥሮ ይውላል፤ ያኔ የታዘዘ ቀሚስ ወይ ይዘገያል ወይ ጥለቱ ተቻኩሎ ይሠራል። አዲስ ሸማ ሳይሰፋ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ይድረቅ፤ ጥጥ ይሰበሰባልና በልክ የተሰፋው ቀሚስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ያጥራል። የጥለቱን ቀለም ለመፈተን በረጠበ ነጭ ጨርቅ ጠርዙን ማሸት ነው። ጨርቁ ከቀላ ወይም ከአረንጓዴ ቀለም ከነካው ጥለቱን ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ላብ ነጩን ያበላሸዋል።

ለወንዶች የጎጃም ቁምጣ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ በላዩ ጋቢ፣ በእጅ ሽመል። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ቀን ላይ ከባድ ይመስላል፤ ማታ ግን እንጅባራ ደጋ ነውና አይበዛም። ቡሉኮ ያለው ሰው ይያዘው። ለሴቶች ባለ ጥልፍ የሸማ ቀሚስ፣ መቀነት፣ ነጠላ፣ ሹሩባ። የቀሚሱ ጫፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ቢል ይሻላል፤ ሜዳው አቧራና ፋንድያ አለበት፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ደግሞ በግፊያ መሀል ይረገጣል። ጫማ የተሸፈነ ይሁን። ሰኮና ባለበት ቦታ ክፍት ጫማ ማድረግ ልክ አይደለም።

እንደ ዐድዋ ጀግና መልበስ የሚፈልጉ አሉ፤ ያምራል፣ ተገቢም ነው። ጎፈሩን ረጅም ፀጉር ካለው የፍየል ቆዳ መሥራት ይቻላል፣ ለለምዱ የበግ ቆዳ ይበቃል፣ ጋሻውንም በቀርከሃ ቀለበት ላይ የተወጠረ የከብት ቆዳ ይተካዋል። የጦሩ ጫፍ ግን ከእንጨት ይሁን። እውነተኛ መሣሪያና የወታደር መለዮ ጨርሶ አይታሰብም። የካህናት ካባ፣ መቋሚያና ጸናጽልም የጌጥ ልብስ አይደሉም፤ ለጨዋታ ለብሶ መውጣት አገሬውን ያስቀይማል፣ በትክክልም ያስቀይማል።

የቡድኑ አባላት ለየራሳቸው የፈረስ ስም ቢያወጡ ጥሩ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ነበሩ፤ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ደግሞ አባ ኮስትር። የነሱን ስም መውሰድ ሳይሆን አዲስ ማውጣት ነው ወጉ። ስሙ አጭር፣ ሲጠሩት የሚያስተጋባ መሆን አለበት፤ ሰው ሲበታተን በስልክ ፈንታ የሚያገለግለው እሱ ነው።

ለፈረሱ የሚሄደው ስጦታ የክር ዘርፍ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሱፍ ክር ይገዛል። ሦስቱን በአንድ ላይ ይዞ በአራት ጣት ላይ 30 ጊዜ ማዞር፣ ከጣት አውጥቶ ወገቡን በጠንካራ ክር ማሰር፣ ሁለቱን ጫፍ በመቀስ ቆርጦ ማበጠር። ክሩ ከ30 ዙር በታች ከሆነ ዘርፉ ይሳሳል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ ወገቡ አይጠብቅም፣ ፈረሱ በሮጠ ቁጥር ክር ይረግፋል። ለአንድ ፈረስ ስምንት ይበቃል፦ አንድ ለግንባር፣ ሁለት ለጉንጭ፣ ሦስት ለአንገት፣ ሁለት ለደረት። ማሰሪያው ከእያንዳንዱ ጫፍ ስንዝር ያህል ይተረፍ።

ጥር 20፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ

300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሳ መኪና ረፋዱ ላይ ጎሃ ጽዮን ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ግድም የዓባይ በረሃ ነው። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያወርዳል። የራሱን መኪና የሚነዳ ከመውረዱ በፊት ማርሹን ዝቅ ያድርግና ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ግማሽ ሳይደርስ የፍሬኑ ሽታ ይቀድመዋል። የፍሬን ሽታ ከመጣ ውኃ ማፍሰስ ሳይሆን ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቁሞ በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። አፋፉ ላይ ጋቢ ያስለበሰው ብርድ ታች ድልድዩ ጋ ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ደጀን ላይ እንደገና ይመለሳል፤ ስለዚህ በድርብርብ መልበስ። በጃፓን ድጋፍ ከተሠራው ድልድይ ላይ ጠባቂዎቹን ሳይጠይቁ ካሜራ ማውጣት አይገባም።

ደጀን ካለፉ በኋላ ሜዳው ይዘረጋል፤ ጤፍ ታጭዶ አውድማ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ሉማሜ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ። ጎፈርና ጋሻ በሻንጣ ላይ አይጫን፤ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ገመድ ይሰብረዋል፣ ንፋስም ይነጨዋል። በጆንያ ጠቅልሎ ከመቀመጫ ሥር ማስቀመጥ ነው።

ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ዕለቱ የማርያም ዓመታዊ በዓል ነው። ጎጃም ውስጥ በየደብሩ ሰው ነጭ ለብሶ ይወጣል፤ መኪናም በዚያው ልክ ይጠፋል። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቶሎ መነሳት ይሻላል። ደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ነበረች። እኚህ ንጉሥ ዐድዋ ከዘመቱት አንዱ ናቸውና ወደ እንጅባራ ለሚሄድ መንገደኛ ከተማዋ ማለፊያ ብቻ አይደለችም።

ዛሬ የነጠላ አለባበስ መለማመጃም ነው። ጥለቱ ወደ ታች ከወረደ የደስታ፣ ወደ ላይ ፊት አጠገብ ከወጣ የሐዘን ነው። ከተማ ያደጉ ሴቶች ይህን ሳያውቁ ዘቅዝቀው ይወጣሉ፤ መንገድ ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» ብለው ማስቆማቸው አይቀርም። ሲያስተካክሉልዎ ዝም ብሎ መቆም፣ ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ማለት ነው።

ከደብረ ማርቆስ እንጅባራ 150 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አማኑኤል፣ ደንበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ቲሊሊ። ከቲሊሊ ወዲህ ምድሩ ሌላ ነው፦ የቀርከሃ ቁጥቋጦ፣ የድንች ማሳ፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ዛፍ። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና መሶብ ይሸጣል። የቡድን ዓርማ የሚያነሱ ሰዎች እንጨት ከአዲስ አበባ ማምጣት አያስፈልጋቸውም፤ ሁለት ሜትር ተኩል ቀርከሃ እዚሁ ይገኛል። ደረቁን መምረጥ፤ እርጥቡ ከባድ ነው፣ ጨርቁንም ሲሰቅሉበት ይጎብጣል።

እንጅባራን ብዙ ሰው ኮሶበር ብሎ ይጠራታል። ረዳቱ «ኮሶበር!» ሲል ሳይወርዱ ዳንግላ የሚደርሱ አሉ።

ጥር 22፣ ዋዜማ

ጠዋት ዘንገና ሐይቅ። ከከተማው በመጡበት በቡሬ በኩል ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ዙሪያውን ዛፍ ያለው ክብ ሐይቅ። ጠርዙ ወዲያው ይጠልቃልና ዋና አይሞከርም። ለልብስ ፎቶ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ሜዳው ላይ ነገ በአቧራ መሀል የጠራ ፎቶ አይገኝም። ከ4 ሰዓት በፊት ጨርሶ መመለስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፈረሱ ዘንድ። ባለፈረስ የሚገኘው በዘመድ ወይም በሚያውቁት ሰው በኩል ነው፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ፈረሰኛ ለፎቶ ማስቆም ሌላ፣ ቤቱ ገብቶ ፈረስ ሲሸለም ማየት ሌላ። በባዶ እጅ አይገባም፦ ቡና፣ ስኳር፣ ለፈረሱ ገብስ። ሰላምታው ይረዝማል፣ አይቸኮልም። «አያ፣ ፈረሱን ልንካው?» ተብሎ ይጠየቃል። ፈረሱን የሚያሸልመው ባለቤቱ ነው፤ እንግዳ ዘርፉን ይሰጣል፣ ካዘዙት ያስራል።

የጭነቱ ቅደም ተከተል ሊታወቅ የሚገባው ነው። መጀመሪያ ጀርባው ይቦረሻል፤ አንዲት አሜኬላ ወይም የደረቀ ጭቃ ከቀረች ነገ ገጣባ ትሆናለች። ከዚያ የጀርባው ልብስ ከፊት ወደ ኋላ እየተሳበ ይነጠፋል፤ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ እንዲቀር ነው። እጥፋት ካለው እንደገና ይነሳል እንጂ በእጅ ተጎትቶ አይቃናም። በላዩ ኮርቻ፣ ከኮርቻው ላይ የጌጡ ልብስ ግላስ። ቀጥሎ የሆድ ጠፍር ይጠብቃል፤ ሁለት ጣት ማስገባት አለበት። ፈረስ ጠፍር ሲታሰርበት ሆዱን ይነፋል፤ ስለዚህ ጥቂት አራምዶ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ ኮርቻ ዞሮ የወደቀ ሰው ካዩ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ሁለተኛ ማጥበቅ መረሳቱ ነው። ልጓም መጨረሻ ይገባል፤ ብረቱ በውርጭ ቀዝቅዞ ከሆነ በእጅ ይሞቃል። እርካቡ ጠባብ የሆነበት ኮርቻ ካዩ አይገረሙ፤ የደጋው ፈረሰኛ የቆየ ልማድ የእግር አውራ ጣትን ብቻ እርካብ ውስጥ ማግባት ነው፣ ሲወድቅ እግሩ ተሰክቶ አይጎተትም።

ዘርፉ ሲታሰር ሦስት ነገር ይጠበቃል። ዓይኑን የሚጋርድ አይሁን፤ በጎን የሚወዛወዝ ነገር ያስደነግጠዋል። ከልጓሙ ብረት አጠገብ አይሁን፤ ያኝከዋል። ቋጠሮውም ሲሳብ የሚፈታ ይሁን፤ ቅርንጫፍ ቢይዘው አንገቱን እንዳያንቀው። ቃጭል የሚጨመር ከሆነ ፈረሱ ድምፁን ዛሬ ይልመደው፤ ነገ በሰው መሀል የመጀመሪያ ጊዜ ከሰማው ይበረግጋል።

ማታ ራት ቀደም ብሎ ነው። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 ጀምሮ ሊገባ ስለሚችል የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አይቶ መሄድ ይጠቅማል፤ ቀኑ ከገጠመ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፣ እንግዳ ሆኖ ጥብስ መጠየቅም ያሳፍራል።

ጥር 23

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መነሳት። ሹሩባው ትናንት ማታ ተሠርቶ ማደር ነበረበት፤ ዛሬ ጠዋት የሚጀምር ሰው ግማሽ ራሱን ተሠርቶ ይወጣል። ከውስጥ ሙቅ ልብስ፣ ከላይ የበዓሉ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ የሰሌን ባርኔጣ፣ ለአቧራ የአፍ መሸፈኛ፣ ዝርዝር ብር። ጃንጥላ አይያዝም፤ ፊቱ ላይ የተዘረጋ ጃንጥላ የቱንም ፈረስ ያስበረግጋል። ነጠላውና ጋቢው ጫፋቸው ተሰብስቦ መቀነት ውስጥ ይገባል፤ በንፋስ የሚርገበገብ ነጭ ጨርቅ ከጃንጥላ አይለይም።

በዕለቱ የስልክ መስመር ይጨናነቃል። የመገናኛ ቦታና ሰዓት አስቀድሞ ይወሰን፦ ለምሳሌ በየሁለት ሰዓቱ ዓርማው የተተከለበት ጥግ። ያን ያላደረገ ቡድን ግማሹን ቀን እርስ በርሱ ሲፈላለግ ያሳልፋል።

ፈረሰኞቹ ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዚገም፣ ከየወረዳው እየተጠራሩ ይመጣሉ። ከሩቅ መጀመሪያ የሚሰማው ቃጭል ነው፣ ቀጥሎ ሽለላ፣ ከዚያ አቧራው ውስጥ ቀይ ዘርፍ። ከተማው ውስጥ በአስፋልቱ ሲያልፉ የሚቆመው ጠርዝ ላይ ነው፤ መታጠፊያ ላይ ግን አይቆምም፤ አስፋልት ሰኮና ያዳልጣል፣ የሚዞር ፈረስም ወደ ውጭ ይወጣል። እልልታ አያስቸግርም፤ ፈረሶቹ ለምደውታል፣ ፈረሰኛውም ይጠብቀዋል። ፉጨትና የመኪና ጥሩንባ ግን ሌላ ነው።

በሜዳው ላይ ለመቀመጥ ፀሐይን ከኋላ የሚያደርግ፣ ከገመዱ ሁለት ሦስት እርምጃ የራቀ ቦታ ይመረጣል። ከፊት ረድፍ የቆመ ሰው ጉግስ ሲጀመር ወደ ኋላ መሸሻ የለውም። ከፈረስ በስተኋላ ማለፍ ካስፈለገ ቢያንስ አራት ሜትር፤ ወደ ፈረስ መቅረብም በግራ ትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰሙ።

ጉግሱን ለማያውቅ፦ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል። የሚሸሸው ዞር ብሎ በጋሻው ጀርባውን ይከልላል፤ ውበቱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ዛቡን በአንድ እጅ ይዞ፣ ወገቡን አዙሮ፣ ፈረሱን ሳያደናቅፍ። ቀጥሎ ሚናው ይለዋወጣል። ብዙ እንግዳ ካሜራውን ወርዋሪው ላይ ያነጣጥራል፤ መታየት ያለበት ግን ተከላካዩ ነው። ግልቢያው ፍጥነት ነው። ስግሪያው የሰጋር ፈረስ ጉዞ ነው፤ የላይኛው አካሉ ሳይናወጥ እግሩ ብቻ ይፈጥናል፣ ፈረሰኛውም ኮርቻው ላይ የተቀመጠ ውኃ ይመስላል። አዋቂዎቹ አዛውንት የሚያደንቁት ይህን ነው፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰጋርን ከተራ ሯጭ መለየት ይማራል። ስለዚህ ቦታ ሲመርጡ ወደ ሽማግሌዎቹ ጠጋ ማለት፣ «እንኳን አደረሰዎ አባቴ» ብሎ ከኋላቸው መቀመጥ ነው። የማኅበሩ አባላት ዓመቱን ሙሉ በሠርግና በሐዘን በፈረስ አብረው ይወጣሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ ሽማግሌዎቹ ስለ አንድ ፈረሰኛ ሲያወሩ ስለዚህ ሁሉ ነው የሚያወሩት።

ሜዳው ላይ የሚጋልቡት የማኅበሩ ፈረሰኞች ናቸው። እንግዳ ለፎቶ የቆመ ፈረስ ላይ መውጣት የሚችለው ባለቤቱ ሲፈቅድና ዛቡን እሱ ሲይዝ ብቻ ነው። ጎፈር የለበሰ ሰው ሊወጣ ሲል ፈረሱ ቢያፈገፍግ አይገደድ፤ የማያውቀው ቆዳ ሸቶት ነው። ጎፈሩን አውልቆ መጀመሪያ ፈረሱ እንዲያሸተው ማድረግ ይቻላል፤ ካልወደደው ይቀራል። ድሮን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ባይከለከልም ከፈረስ ራስ ላይ የሚንጫረር ነገር ማንሳት ትልቅ ጥፋት ነው።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፣ አቧራውም ይከብዳል። ከ9 ሰዓት በፊት ወጥቶ ወደ ባለፈረሱ መመለስ፣ ጭነቱ ሲወርድ መገኘት ያስፈልጋል። ላብ ያሰመጠው ፈረስ በእግር እየተመራ ትንፋሹ ይረጋል፣ ውኃም ጥቂት ጥቂት ይጠጣል። ኮርቻው እንደወረደ ጀርባው ይዳሰሳል፤ ያበጠ ወይም የሞቀ ቦታ ካለ ለጥቂት ቀን አይጫንም። ጠላው የሚቀዳው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥር 24፣ ባሕር ዳር

118 ኪሎ ሜትር፤ አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ መራዊ። መናኸሪያው ጠዋት ይጨናነቃል፣ ከ1 ሰዓት በፊት መድረስ ነው።

ልብሱ ዛሬውኑ ይራገፍ፤ ሳይራገፍ አይታጠብ። ደረቅ አቧራ ውኃ ሲነካው ጭቃ ሆኖ ሸማው ውስጥ ይገባል፤ ሰቅሎ በቀጭን ዘንግ ከጀርባው በኩል መምታት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ነክሮ ጥለቱን ሳያሹ ማጠብ፣ ጥላ ውስጥ ማስጣት። የፈረስ ላብ የነካው ቁምጣ ለብቻው ይታጠባል። ቆዳዎቹ በውኃ አይነኩም፤ ተራግፈው ነፋሻ ቦታ ይውላሉ።

ፎቶ ቤት ገብቶ ምስሎቹን ማሳተም ደግሞ እዚሁ ነው። ለባለፈረሱ የሚላከው ራሱ ኮርቻ ላይ ሆኖ የተነሳው ብቻ ሳይሆን ፈረሱ ለብቻው፣ በጎን፣ ከግንባር ዘርፉ እስከ ጅራቱ ሙሉ የታየበት ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እሱ ነው። ትልቁ መጠን አንድ፣ ትንሹ ሦስት ይበቃል። በሁለት ካርቶን መሀል አድርጎ፣ የባለቤቱንና የቀበሌውን ስም ጽፎ ለእንጅባራ ሚኒባስ ሾፌር መስጠት ነው። ከሾፌሩ ስልክ ጋር የታርጋ ቁጥሩም ይያዝ፣ ባለፈረሱም ተደውሎ መናኸሪያ እንዲጠብቅ ይነገረው።